የትም የማይሄደው ቅጣው

ከዘመሮ ወጣ ብሎ፣ ነፋሱ ከጠዋት እስከ ማታ በማያርፍበት ሜዳ ዳር፣ ቅጣው የሚባል ባና ሠሪ አለ። ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ቅጣው ሸምኖ ሲጨርስ ሙቅ ውሃ ያፈስበትና በእግሩ ረግጦ ረግጦ ካፊያ እንዳያሳልፍ አድርጎ ያጠብቀዋል። በዚህ ሥራ የሚደርስበት የለም። ሰው ፊት ግን ቃል አይወጣውም። አንድ ነገር ሲጠይቁት የጋቢውን ጫፍ አፉ ላይ ያደርጋል፤ መልሱን ለጋቢው ነግሮ ይጨርሳል።

እንዲህ ያለ ሰው ባሕር ማዶ ሊሄድ ነው ቢባል ማን ያምናል? እሱም ራሱ ቶሎ አላመነም።

ነገሩን ያመጣችው ትሕትና ናት። ትሕትና አዲስ አበባ ያለ የእጅ ሥራ ማኅበር ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። መሐል ሜዳ ገበያ ላይ አንድ ባና አይታ ሠሪውን ስትጠይቅ ስትጠይቅ፣ በጥቅምት አንድ ቀን ከነ ጫማዋ ጭቃ እቤቱ ደረሰች። ሕንድ አገር ውስጥ ላዳክ የሚባል ደጋ እንዳለ ነገረችው። እዚያም በበግና በፍየል ጠጉር የሚኖሩ ሰዎች አሉ አለች። በሐምሌ ከየአገሩ ጠጉር የሚሠሩ ሰዎችን ጠርተው ሊያገናኙ ነው። ከኢትዮጵያ የተፈለገው አንድ ሰው ነው።

«ከፍታው ግን ያስቸግራል፣ ጋሽ ቅጣው» አለችው። «አየሩ ስስ ነው። ትንፋሽ ያጥራል፣ ራስ ያዞራል።»

ቅጣው ጋቢውን አፉ ላይ አደረገ። «እዚህስ?» አለ።

ትሕትና ሳቀች። ከመኪናው እስከ ቤቱ ስትወጣ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ተቀምጣ ነበር።

ደግሞ ዝም ተብሎ አይገባበትም አለችው። አገሩ ከድንበር የተጠጋ ስለሆነ፣ ቪዛም ተይዞ ለብቻው ሌላ ፈቃድ ይጠየቅበታል። የሚሄደው ሰው ስም አስቀድሞ ይላካል። ከተላከ በኋላ ስሙ አይለወጥም። ስለዚህ እሱ ፓስፖርት ያውጣ፤ ማኅበሩ የቀረውን ይጨርሳል፤ ስም ከመላኩ በፊት ትሕትና ደውላ ታረጋግጣለች።

«ይሄዳሉ?» አለችው።

«እንግዲህ» አለ ቅጣው።

በሱ ቤት ይህ ትልቅ እሺታ ነው። ልቡማ ያኔውኑ ሄዷል። ቅጣው ከደብረ ብርሃን ወዲያ አገር አያውቅም። ባናውን የሚጠይቀው ሰው በየዓመቱ እያነሰ ነው፤ ገበያውን የቻይና ብርድ ልብስ ሞልቶታል። ልጁ ዳኜ መሸመኛውን ትቶ አዲስ አበባ ሲሚንቶ ይሸከማል። ሲሄድ «የአሮጌ ሥራ ነው፣ አባባ» ነበር ያለው። ቅጣው ያን አገር ሄዶ ተራራ ማየት አልነበረም ያማረው። እዚያ ካሉት ጠጉር ሠሪዎች አጠገብ ተቀምጦ አንድ ነገር ሊጠይቃቸው ነው፤ ልጆቻችሁ ይሸምናሉ ወይ? እምቢ ሲሉ ምን ብላችሁ መለሳችኋቸው? ይህን ጥያቄ ጠጉሩን ሲያፍታታም፣ ባናውን ሲረግጥም በሆዱ ያመላልሰው ነበር። እዚህ ቢጠይቅ ማን ይመልስለታል?

ለሰው ግን አልተናገረም። በነሱ ሰፈር መንገድ ሳይሄዱት አይወራም። ያወሩት መንገድ ይሰናከላል ይላሉ። ለዚህም ሩቅ ሳይሄዱ ታዲዮስን ማየት ይበቃል። ታዲዮስ አረብ አገር ልሄድ ነው ብሎ አገር ሰማለት፣ በግ ታረደለት፣ ሽማግሌ መረቀው፤ ከዚያ ከአዲስ አበባ ሳያልፍ በወሩ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ስሙ «ቪዛው» ሆኗል። እናቱ እንኳ «ቪዛው፣ ጥጃውን እሰር» ነው የምትለው።

እና ቅጣው በኅዳር ፓስፖርት ሊያወጣ አዲስ አበባ ሲወርድ፣ ለጎረቤት ጠበል ሄደ ተባለ። ያስባለው ራሱ ነው።

ሚስቱ ዘነበች «ምኑን አሞት ነው ልበል?» አለችው።

«ጎኔን በያቸው።»

ዘነበች ጎኑን አለች። ጎረቤቱም ጎኑን ብሎ አዘነ። ነገሩ የከፋው እዚህ ላይ ነው። ገብሱ ደርሶ ነበርና፣ የታመመ ሰው እህል ሜዳ ላይ አይቀርም ብለው በደቦ ወጥተው አጨዱለት። ከፊት ሆኖ ያጨደው ምንይሉ ነው። ምንይሉ ማሳው ከቅጣው ማሳ የሚዋሰን፣ ምላሱ የማያርፍ ጎረቤት ነው።

ቅጣው ፓስፖርቱን ከሸሚዙ ሥር አጣብቆ ሲመለስ፣ ክምሩን አይቶ እዚያው ቆመ።

«ጎንህ እንዴት ሆነ?» አለው ምንይሉ።

«ተሻለኝ።»

«እንኳን ማረህ። ፊትህም ወዝ አገኘ። ምን ዓይነት ጠበል ነው? እኔም ሚስቴን ልውሰዳት፣ ምላሷን አሟታል።»

ሰው ሳቀ። ቅጣው ጋቢው ውስጥ ገባ። የዚያን ቀን ሁሉንም ቢነግራቸው ኖሮ ምናልባት ይስቁ ነበር እንጂ አይቀየሙም። ግን ላቡ ገና ያልደረቀ ሰው ፊት «አልታመምኩም ነበር» ተብሎ እንዴት ይነገራል?

ስልኩ ደግሞ ሌላ መከራ ነበር። ኔትወርክ የሚይዘው በር መቃኑ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ስልኩ በገመድ እዚያው ተንጠልጥሎ ይውላል። በደጁ የሚያልፈው ሁሉ ይሰማል። ትሕትና ስትደውል ቅጣው ጋቢውን ከነስልኩ ተከናንቦ በሹክሹክታ ነበር የሚያወራት።

«ጋሽ ቅጣው፣ አይሰማኝም። ፓስፖርቱ ደረሰ?»

«እእ።»

«ባናው ቀድሞ ይላክ ተብሏል፤ ለስጦታ። አንድ ጥሩ ያዘጋጁ።»

«ይሁን።»

«ደስ አላለዎትም እንዴ? ፈልገው ነው ግን የሚሄዱት?»

ምንይሉ በሬውን እየነዳ በደጁ ያልፍ ነበር። «እንግዲህ» አለ ቅጣው፤ ዘጋው።

ባናውን ሠራ። ጥቁሩንና ነጩን ጠጉር ሳያቀልም እንደተፈጠረው አስማምቶ፣ ዳሩን በቀጭን ጥቁር መስመር ዘጋው። እንዲያ ያለ ከዚያ በፊት ሠርቶ አያውቅም። ጠቅልሎ በመኪና ላከው። ባናው ከሱ ቀድሞ መንገድ ወጣ።

ግንቦት ሲገባ ምንይሉ አንድ ነገር ጣለ። «አንድ ዘመዴ ጠበል በሄድክ ጊዜ አዲስ አበባ አየሁት አለኝ። ጠበሉ አዲስ አበባ ነው እንዴ?» አለው። ቅጣው ጋቢውን ተከናንቦ መንገዱን ቀጠለ። ቤቱ ገብቶ በሩን ገጠም አድርጎ ለዘነበች፣ «ነገሩ ሸቷቸዋል» አላት። «ከእንግዲህ ማንም ይሁን ማን ቢጠይቅሽ የትም አይሄድም በይ። በስልክም ቢሆን። ምንይሉ ሰው አስደውሎ ሊያወጣጣሽ ይችላል።»

«ትሕትና ብትደውልስ?»

«የትሕትናን ድምፅ ታውቂው የለ?»

ዘነበች እሺ አለች። እሷ እሺ ካለች እሺ ነው።

ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ ቅጣው መሐል ሜዳ ወረደ። ለመንገዱ ጃኬት ቢገኝ ብሎ ሰልባጅ ተራ ዋለ። ስልኩን መቃኑ ላይ ትቶት ነበር። ረፋዱ ላይ ጮኸ። ዘነበች እጇን ጠራርጋ አነሳችው። የማታውቀው ድምፅ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ የጋሽ ቅጣው ስልክ ነው?»

«ነው። ማን ልበል?»

«እስከዳር እባላለሁ። ትሕትና ወልዳ እረፍት ላይ ስለሆነች እኔ ነኝ የያዝኩት። ስለ ላዳኩ ጉዞ ነበር።»

ላዳክ የሚለውን ስም ዘነበች ሰምታው አታውቅም። ቅጣው ለሷ እንኳ «ማዶ» ብሎ ነበር የነገራት። ትሕትና መውለዷንም የነገራት የለም፤ ስትመጣ ሆዷ ባዶ ነበር። የምንይሉ ነገር ነው አለች በልቧ፤ ስም ሳይቀር አስጠንቶ።

«የምን ጉዞ?» አለች።

«የሐምሌው። የፈቃዱ ስም ዛሬ ይላካል። እንደሚሄዱ ላረጋግጥ ብዬ ነው።»

«ተሳስተሻል፣ እኅቴ። እሱ የትም አይሄድም።»

«ባለቤታቸው ነዎት?»

«ነኝ። ሰውየው ጎኑን ያመዋል። ጠበል ሲመላለስ ነው የከረመው። የታመመ ሰው ወዴት ይሄዳል?»

«አላወቅንም ነበር» አለች ያቺ ልጅ። «ትሕትናም እሳቸው ብዙም ደስ ያላቸው አይመስሉም ብላኛለች፤ ለካ አሟቸው ነው። እዚያ ከፍታ ላይ እንኳ ለታመመ ሰው አይሆንም።»

«አይሆንም። ለላከሽም ሰው እንዲሁ ብለሽ ንገሪው።»

ቅጣው ፀሐይ ሳትጠልቅ ገባ። ጃኬቱን ከጨው ከረጢት ሥር ደብቆ ነበር የመጣው። ዘነበች የእግር ውሃ እያቀረበችለት ትስቅ ጀመር።

«ዛሬ ያንተ ምንይሉ አንዲት ሴት አስደውሎብኝ። አፌን ልትፈታ ደከመች፣ ደከመች። በወጉ ነው የሸኘኋት።»

«ምን አለች?»

«እንጃ፣ ላዳክ ነው ምናምን...»

ቅጣው እግሩን ከውሃው አወጣ።

«ስሟን ነገረችሽ?»

«እስከዳር ነኝ ነው ያለች። ትሕትና ወልዳለች አለችኝ፣ ቀጣፊ።»

የዚያን ዕለት ቢደውል የሚያነሣ ጠፋ። ሰኞ ጠዋት መቃኑ ሥር ቆሞ ደወለ። እስከዳር አነሣች። የሚሄደው ሰው ስም ቅዳሜውኑ ተልኳል። ቦታው ባዶ እንዳይቀር ከወረዳው ከተማ ፓስፖርት ያለው ሰው ተፈልጎ፣ አንዷለም የሚባል የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ስም ገብቷል።

«ይማርዎት፣ ጋሽ ቅጣው» አለች። «ጎንዎ እንዴት ነው?»

ዘነበች አጠገቡ ሆና እጁን ትስበው ነበር። «ጤነኛ ነኝ በላት። በላት እንጂ።»

ቅጣው ጋቢውን አፉ ላይ አደረገ። «ይሁን» አለ።

ስልኩን ከእጁ ነጠቀችው። «የኔ ልጅ፣ እኔ ነኝ የዋሸሁሽ። አንድም ቀን አሞት አያውቅም። ሰው መስለሽኝ ነው... ማለቴ ሌላ ሰው።»

እስከዳር ብዙ አዘነች፤ ድምፅዋ ያስታውቃል። የተላከ ስም ግን አይለወጥም። ሌላ ጊዜ ተመሳሳይ ነገር ከመጣ እናስታውሳቸዋለን አለች። ሌላ ጊዜ አልመጣም።

ዘነበች የዚያን ሳምንት ሥራዋን እየተወች ትከተለው ነበር። «ተቆጣኝ» ትለዋለች። «ምን አለበት ብትቆጣኝ።»

«ምን ብዬ? ያልኩሽን ነው ያልሽው።»

ከዚህ ሌላ አልተናገራትም። ለሷ ቢሰድባት ይቀላት ነበር።

አንዷለም ሄዶ መጣ። ጭቃው ደርቆ መንገዱ ሲከፈት፣ በኅዳር መግቢያ፣ ዘመሮ አዳራሽ ውስጥ ሸማኔዎችንና ፈታዮችን ሰብስቦ ያየውን ሊነግራቸው ቆመ። ክፉ ሰው አይደለም። ተጠራ፣ ሄደ። የተወለደው ከዓለም ከተማ በታች ቆላው ውስጥ ስለሆነ ከፍታው ጣለው። እንደደረሰ ራሱን አዞረው፤ አብዛኛውን ቀን አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ አድርጎ ተኛ። ጠጉር ሠሪዎቹ ዘንድ የወጣው አንድ ቀን ብቻ ነው። ይህንንም አልደበቀም፤ እየሳቀ ነገራቸው።

ከዚያ ፎቶ በትልቁ አሳያቸው። ዛፍ የሌለው ሜዳ ነው፤ ሰማዩ ቅርብ ነው። ፊቱን ነፋስ የጠበሰው አንድ ሽማግሌ ባና ለብሶ ቆሟል፤ ጥቁርና ነጭ፣ ዳሩ በቀጭን ጥቁር መስመር የተዘጋ። ሽማግሌው የባናውን ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ እያየው ነው። ሠሪ ሥራ ሲያይ እንዲያ ነው የሚይዘው።

«ይሄ ያንተ አይመስልም?» አለ ምንይሉ ቅጣውን በክርኑ ነካ አድርጎ።

«ባና ባና ነው» አለ ቅጣው።

አንዷለም ጥያቄ ያለው ካለ አለ። እጅ የሚያወጣ ሲጠፋ ቅጣው ተነሣ። ሰው ዞር ብሎ አየው፤ እሱ በስብሰባ ሲነሣ ያየ የለም። ጋቢውን ከአፉ አወረደ።

«ልጆቻቸው ይሸምናሉ ወይ?»

አንዷለም አሰበ። «እውነቱን ልንገርዎ፣ ይህን አልጠየቅኩም» አለ። «ራሴን አሞኝ ነበር።»

ቅጣው መቆሙን ረስቶት ቀረ። ምንይሉ ጋቢውን ጎተት አደረገው። «ተቀመጥ እንጂ። ምን አገባህ በነሱ ልጆች? ልትሄድ ነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ታዲዮስ ቪዛው እንኳ ሳቀ።

«የት እሄዳለሁ» አለ ቅጣው ሲቀመጥ።

ወደ ቤት አብረው ነው የወጡት፣ እሱና ምንይሉ። ገብሱ በግራ በቀኝ ደርሷል። ዳገቱ ወገብ ላይ ቅጣው ቆሞ እጁን ጎኑ ላይ አደረገ።

«ምነው? ተነሣብህ?» አለ ምንይሉ።

«ዛሬስ አሞኛል።»

ምንይሉ አየው። ምላሱ ለአንድ አፍታ ዐረፈች። «እንግዲያ ጠበልህን ሂድ» አለው። «ገብሱን አታስብ። እንደ አምናው እኛ እናጭድልሃለን።»