እትዬ ሐመልማል ያላሳዩት መዝገብ

በረዶ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ድረስ በጆሮዬ አለ። በሰኔ መግቢያ ከሰሜን ተራሮች በኩል ጥቁር ደመና ሲመጣ መምህራችን ጠመኔውን ያስቀምጥና እጁን አጣምሮ በመስኮት ይመለከታል፤ ከዚያ በኋላ ቢጮኽም የሚሰማው የለምና። እኛም የምንጠብቀው ይህንኑ ነበር። የገብስ ቆሏችንን ከኪሳችን አውጥተን እንቆረጥማለን። በረዶው ድንገት ሲያባራ ግን አንዱ ሳያውቅ መቆርጠሙን ይቀጥላል፤ ክፍሉ ሁሉ እየሰማው ይያዛል።

ኮሶ ምንጭ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከደባርቅ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ሳንቃ በር በሚወስደው መንገድ ግራ በኩል ነው። በ፲፱፻፷፮ ዓ.ም. ሲከፈት ሦስት የጭቃ ክፍሎች ብቻ ነበሩት። ወንበር ስላልነበረ ተማሪ ሁሉ የሚቀመጥበትን ድንጋይ ከወንዝ ተሸክሞ ይመጣ ነበር። የልደት ካርድ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አዙሮ የግራ ጆሮውን መንካት የቻለ ለትምህርት ደርሷል ይባላል፤ ያልቻለ ለከርሞ ይመለሳል። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እበት አምጥተን የክፍላችንን ወለል እንለቀልቃለን፤ ሰኞ ስንገባ ደርቆ ይቆየናል። ዛሬ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሲሚንቶ ሆኗል። ተማሪው ከሺህ በላይ ስለሆነ በፈረቃ ይማራል። ወጣቶቹ መምህራን የቤት ሥራውን «አሳይመንት» ይሉታል፤ ስሙ ቢለወጥም ልጆቹ እንደ ድሮው ጠዋት በር ላይ ከጓደኛቸው ይገለብጡታል።

በዚህ ሁሉ መለዋወጥ ውስጥ ያልተለወጡት የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ እትዬ ሐመልማል ነበሩ። የተወለዱት ከትምህርት ቤቱ በላይ ባለው መንደር ነው። ትምህርት ቤቱ በተከፈተበት ዓመት ገብተው ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ ወደ ጃናሞራ ተዳሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ትዳሩን ትተው ተመለሱና በእድሜ ከሚያንሷቸው ልጆች ጋር ተቀምጠው ያቋረጡትን ትምህርት ቀጠሉ። በተላላኪነት ተቀጠሩ፤ ቆይተውም የጽሕፈት መኪና ተምረው መዝገብ ቤት ገቡ። ልጅ አልወለዱም። ስለዚህ ነገር የሚጠይቃቸው ሲገኝ ወደ መደርደሪያው እያመለከቱ፣ «እነዚህ አሉኝ አይደለም እንዴ? ደግሞ እንደ ሰው ልጅ አይዋሹም» ይሉ ነበር።

ሰው የሚያምኑ ሴት አልነበሩም። የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ይታሰራል። በየመዝገቡ ገጾች መካከል ቀይ ክር ያኖራሉ፤ ክሩ ከቦታው ፈቀቅ ካለ «እዚህ ማን ገባ?» ብለው ዙሪያውን ያስጨንቃሉ። የጠመኔ ቁራጭ ያልመለሰ መምህር ሙሉ ጠመኔ አያገኝም። አንድ ቀን ወጣቷ መምህርት ማርያማዊት ከጎንደር ስትመለስ ብርቱካን አምጥታ ሰጠቻቸው።

«ምን ጠፍቶብሽ ነው?» አሏት።

«ኧረ ምንም አልጠፋብኝም፣ እትዬ።»

«እንግዲያ ሊጠፋብሽ ነው» አሉና ብርቱካኑን ተቀበሏት። ሲበሉት ግን ያየ የለም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሁልጊዜ አነጋገራቸው ነበር።

ትምህርት ቤቱ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው የወርቅ ኢዮቤልዩ በዓል እንዲከበር ተወሰነ። እኔ በሁለተኛው ዓመት ገብቼ እዚያው ተምሬ፣ እዚያው አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝና የትምህርት ቤቱን ታሪክ እንድጽፍ ተጠየቅሁ። መዝገቦቹን ለማየት እትዬ ሐመልማል ዘንድ ሄድኩ። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ያሉትን አንድ በአንድ፣ አቧራቸውን እየጠረጉ ሰጡኝ።

«የስድሳ ስድስቱስ?» አልኳቸው።

«አለ።»

«ልየው?»

«አይታይም።»

«ተበላሽቶ ነው?»

«ደኅና ነው።»

«ታዲያ ምነው?»

«አለምነህ፣ ሃምሳ ዓመት ሳታየው ኖረህ የለም እንዴ? ዛሬ ምን ሆንክ?»

ነገሩ በዚህ ቢቆም ኖሮ የመጀመሪያውን ዓመት በአጭሩ ጽፌ አልፈው ነበር። ነገር ግን የበዓሉ ኮሚቴ የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ስም በድንጋይ አስቀርጾ በሩ ላይ ሊያቆም አስቧል። ከኮሚቴው አባላት አንዱ አቶ ሰብስቤ ነበሩ። አቶ ሰብስቤ አምባ ጊዮርጊስ ላይ እህል ሲነግዱ ኖረው ወደ ትውልድ ቀያቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። በለቅሶም በሠርግም «እኔ የኮሶ ምንጭ የመጀመሪያ ተማሪ ነኝ» ማለት ይወዳሉ። ከብዙ ዓመት በፊት ተዛውሮ የሄደ አንድ ርእሰ መምህር ያን መዝገብ በጨረፍታ አይቶ «እዚያ ውስጥ የምናውቀው ሰው ስም የለም» ብሎ ነበርና ወሬው ከአቶ ሰብስቤ ጆሮ ደረሰ። መዝገቡ አይታይም መባሉ ሲጨመርበት፣ እትዬ ሐመልማል እውነተኛውን ገጽ ቀደው ሌላ ተክተውበታል ብለው አመኑ።

የሚጠረጥሩበት ምክንያት አላጡም። የሁለቱ ቤተሰብ በእርሻ ድንበር ተካሶ ያውቃል። ደግሞም ጦርነቱ ወደ ዳባት በቀረበ ጊዜ፣ ተፈናቃይ በየክፍሉ አርፎ የተሰበረው ዴስክ ሁሉ ማገዶ በሆነበት ሰሞን፣ እትዬ ሐመልማል መዝገቦቹን በአህያ ጭነው፣ ገለባ አልብሰው ወደ ቤታቸው ወስደው ባዶ ጎታ ውስጥ ደብቀዋቸው ነበር። ያን ጊዜ ሁላችንም አመስግነናቸዋል። አሁን አቶ ሰብስቤ «ጎታ ውስጥ ምን ስትሠራ እንደከረመች ማን አየ?» ሲሉ የሰማ ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። ልዋሽ አይገባኝም፤ እኔም ነቀነቅሁ።

አቶ ሰብስቤ ክሳቸውን በጽሑፍ አዘጋጅተው ለርእሰ መምህሩ ለባርናባስ ሰጡት። ባርናባስ የእኔ ተማሪ የነበረ፣ ረጋ ያለ ወጣት ነው። ለሁለቱም እንዲህ አላቸው፤ እስከ ዓርብ ጠዋት መዝገቡ ከታየ ነገሩ ያበቃል፤ ካልታየ እትዬ ሐመልማል ቁልፉን ያስረክባሉ፤ ደብዳቤውም ወደ ወረዳ ይሄዳል። እትዬ ሐመልማል ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ከሠሩበት ቤት ገጽ ቀዳጅ ተብለው ሊወጡ ነው።

ሐሙስ ቀን ተልከው የመጡ ተማሪዎች «እትዬ ይጠሩዎታል» አሉኝ። ስደርስ በሩን ከውስጥ ዘጉት።

«የክርስትና ስምህን ማን ያውቃል?» አሉኝ፣ እንኳን ደኅና መጣህ ሳይሉ።

«እናቴ ታውቅ ነበር፤ ነፍሷን ይማር። የንስሐ አባቴና ባለቤቴ ያውቃሉ።»

«ለእኔ ትነግረኛለህ?»

ወደ በሩ ተመለከትኩ።

«አየህ» አሉኝ። «ማተብህን ይዘህ ማልልኝና ተቀመጥ።»

ያየሁትን ለማንም ላልናገር ማልኩ። ከሳጥኑ ውስጥ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን መዝገብ አውጥተው ገለጡልኝ። ጽሕፈቱ እንደ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ያማረ ነው፤ የመንደሮቹ ስም በቀይ ቀለም፣ የተማሪዎቹ በጥቁር። አርባ ሦስት ስም ተጽፏል። ገብረ፣ ወልደ፣ ወለተ፣ ኃይለ እያለ ይወርዳል። ከመካከላቸው የማውቀው አንድም አልነበረም።

«እነዚህ እነማን ናቸው?» አልኩ።

«እነ ሰብስቤ ናቸዋ። እነ ዘቢደር፣ እነ ያርጋል። መሪጌታ ቃለ አብ ናቸው የመዘገቧቸው።»

ታሪኩን ነገሩኝ። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት መምህሩ ገና አልደረሰም ነበርና ጽሕፈታቸው ስለሚያምር የደብሩ መሪጌታ ልጆቹን እንዲመዘግቡ ተለመኑ። እርሳቸው ደግሞ በመዝገብ የሚጻፍ ስም በጥምቀት የተሰጠው ነው ብለው ያምናሉ፤ ገረመው፣ ሰብስቤ፣ ሐመልማል የሚባለው ለጎረቤት መጠሪያ ነው። ከእናቶቹ ጆሮ ለጆሮ እየጠየቁ የልጁንም የአባቱንም የክርስትና ስም ጻፉት። መምህሩ ሲመጣ ልጆቹን በመጠሪያቸው በራሱ ደብተር ያዘ፤ ሁለተኛው ዓመት ላይ አዲስ መዝገብ ተከፈተ። የመሪጌታው መዝገብ ተዘግቶ ቀረ።

«ታዲያ ይህን ቢናገሩ ኖሮ ክስም አይኖርም ነበር» አልኳቸው።

«ብናገርማ ሁሉም የራሱን ልይ ብሎ ይመጣል። የራሱን ሲያይ የባላንጣውን ያያል። አርባ ሦስት ሰው ነው፣ ከነአባቱ። የክርስትና ስም ይዞ መተተኛ ቤት የሚሄድ በዚህ አገር የለም ብለህ ትምልልኛለህ?»

አልማልኩም።

ዓርብ ጠዋት በባርናባስ ቢሮ ተሰበሰብን። ማርያማዊት ቃለ ጉባኤ ልትይዝ ተቀምጣለች። አቶ ሰብስቤ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ የክስ ደብዳቤያቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ይጠብቃሉ። እትዬ ሐመልማል መዝገቡን እንደተጠቀለለ ታቅፈው ገቡ።

«አመጣሽው?» አሉ አቶ ሰብስቤ።

«አመጣሁት።»

«እንግዲያ ግለጪው።»

«የክርስትና ስምህን በጆሮዬ ንገረኝና እገልጠዋለሁ።»

አቶ ሰብስቤ ወደ ባርናባስ ዞሩ። «ሰማህ አይደል? እኔ የተቀደደ ገጽ እጠይቃታለሁ፤ እሷ የክርስትና ስም ትጠይቀኛለች። እኔ እሱን ለወንድሜ እንኳ አልነገርኩም። ለማን ልትወስጂው ነው? ድንበሩ አልበቃ ብሎሽ ነው?»

«ድንበሩንማ ወስዳችሁታል፤ እሱን ተወው» አሉ እትዬ ሐመልማል። ከዚያም የመሪጌታውን ነገር ለእኔ እንደነገሩኝ ቆመው ተናገሩ።

«ተረት ነው» አሉ አቶ ሰብስቤ። «አለምነህ፣ አንተ አይተኸዋል አሉ። እስቲ ተናገር።»

«ምያለሁ፤ አልናገርም» አልኩ።

«አየህ፣ መምህሩንም አስምላዋለች። ለቀና ነገር መሐላ ምን ያደርጋል?»

ባርናባስ ላቡን ጠረገ። «እትዬ፣ እኔ እርስዎን መጠርጠር አልፈልግም። ግን ካልታየ ቁልፉን ልቀበልዎት ነው።»

እትዬ ሐመልማል እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ። ቁልፉን የሚፈቱ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። ጥቂት ጊዜ ያዙትና ለቀቁት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ መዝገቡን ፈተው ላይ መንደር የሚለውን ገጽ ገለጡ፤ ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አኑረው የክርስትና ስማቸውን ከነአባታቸው ጮክ ብለው አነበቡ።

«እኔ ይቺ ነኝ» አሉ።

ማርያማዊት ብዕሯን አነሳች። «አትጻፊው፣ ልጄ» አሏት። እኔም እዚህ አልጽፈውም። ይህን ልጽፍ ሳስፈቅዳቸው፣ «ታሪኩን ጻፍ፤ ስሙን ተወው» ብለውኛል።

ብርቱካን ሲሰጧቸው እንኳ የሚጠረጥሩት ሴት፣ እናታቸው ብቻ የምታውቀውን ስም ለአራት ሰው፣ ያውም ለከሳሻቸው ሰጡ።

«የታች መንደር ልጆች አምስት ነበራችሁ» አሉ ቀጥለው። ሁለት ነጭ ወረቀት ወስደው አንዱን ከላይ፣ ሌላውን ከታች አደረጉና በመካከል አምስት መስመር ብቻ ተዉ። «እናንተ ዞር በሉ። ሰብስቤ፣ አንተ ቅረብ።»

ሦስታችን ወደ መስኮቱ ዞርን። ውጭ ሁለተኛ ክፍሎች በሰልፍ ቆመው ጥፍራቸው ይታያል። ከኋላችን የወንበር ድምፅ፣ የመነጽር ቤት ሲከፈት፣ ቀጥሎም ከባድ ትንፋሽ ተሰማ። ዞር ብዬ አየሁ። አቶ ሰብስቤ መዳፋቸውን ዘርግተው መስመሮቹን ሸፍነዋል። እትዬ ሐመልማል ጀርባቸውን ሰጥተው ግድግዳውን ይመለከታሉ።

«ይህን ማን ማን አይቶታል?» አሉ አቶ ሰብስቤ በዝግታ።

«እኔ አይቼዋለሁ። የትኛው አንተ እንደሆንክ ግን አላውቅም።»

«አሁንስ?»

«አሁንም አላየሁም።»

አቶ ሰብስቤ የላይኛውን ወረቀት በጥንቃቄ ወደ ታች ስበው ስማቸውን ከሸፈኑ በኋላ ነበር እጃቸውን ያነሱት። መነጽራቸውን አወለቁ። ከጠረጴዛው ላይ ደብዳቤያቸውን ወስደው ከአራት አጠፉና ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

«ጋሼ ሰብስቤ፣ እንግዲህ ቃለ ጉባኤው ላይ ምን ብለን እንጻፍ?» አለ ባርናባስ።

አቶ ሰብስቤ ዱላቸውን አንስተው፣ ማናችንንም ሳያዩ፣ ደኅና ዋሉ እንኳ ሳይሉ ወጡ።