የኩርባ ማርያም ካብ

ከባሕር ዳር የተነሣሁት ገና ሳይነጋ ነው። ጉዳዬ አንድ ነበር፤ ክረምት የጣለውን የእናቴን ወገን ካብ ማስጠገን። ከደብረ ታቦር ወዲያ ባለች ኩርባ ማርያም በምትባል ትንሽ መንደር፣ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በድንጋይ ካብ የታጠረ ነው። ካቡ በዘር የተከፋፈለ ስለሆነ እያንዳንዱ ወገን ድርሻውን ያቆማል፣ ሙታኑንም በድርሻው ሥር ይቀብራል። የወደቀው እስከ ኅዳር ጽዮን ካልቆመ ግን ድርሻው ከነመቃብሩ ለጎረቤቱ ይተላለፋል። አልጋ የያዘችው እናቴ ደግሞ የቀራት ምኞት ከአባቷ አጠገብ ማረፍ ብቻ ነው።

ሐሙሲት

መንገዱ ተከፈተ የተባለ ሰሞን ስለነበር ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ቀኑ ሐሙስ በመሆኑ ሐሙሲት ላይ ገበያተኛው አስፋልቱን ዘግቶት ብዙ ቆምን። ከወረታ በኋላ የሩዙ ማሳ አለቀና ዳገቱ ተጀመረ፤ ብርዱ ጋቢ አስደረበኝ።

ደብረ ታቦር

ሽሮ በልቼ ሲሚንቶ ገዛሁ፣ ሁለት ግንበኞችም ቀጠርኩ። ሁሉን በግማሽ ቀን በመጨረሴ በራሴ ኮራሁ። ሲሚንቶውን በአህያ አስጭነን፣ ጋፋትን አልፈን በእግር ቀጠልን። ገብሱ ቢጫ ሆኗል፤ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው።

ኩርባ ማርያም

የተቀበሉኝ አያ ሙጬ ናቸው። ከእኛ ቀጥሎ ያለው ድርሻ የእሳቸው ወገን ነው፤ የእኛ ካብ ሳይቆም ቢቀር ቦታውን የሚወስዱት እሳቸው ነበሩ። ከወይራው ሥር አስቀምጠው የመንደሩን አመጣጥ አጫወቱኝ። ጎንደር ገና ሳትቆረቆር አገሩ ጫካ ነበር ይባላል። አንድ ቄስ ታቦት ይዘው፣ አራት ልጆቻቸውን አስከትለው መጡና ጫካውን መንጥረው ቤተ ክርስቲያኑን ተከሉ። ካቡንም ለአራቱ ልጆች አካፈሉ። የእኛ ድርሻ እስከ ዛሬ በሴት ልጃቸው በወለተ ኪዳን ስም ይጠራል። መንደሩ ዕድሜው ስንት እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ አያውቁም። ከየትኛው ድንጋይ እስከ የትኛው የማን እንደሆነ ግን ያለማመንታት አሳዩኝ።

ይህን ጊዜ ግንበኞቹ ሲሚንቶውን ማውረድ ጀመሩ። አያ ሙጬ ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ፣ ይህን ካብ ከዘሩ ያልሆነ ሰው አይክበውም። እነዚህ ልጆች አንድ ድንጋይ ካኖሩበት ድርሻሽን ለቀሽ ማለት ነው» አሉኝ።

ደነገጥኩ። ከወለተ ኪዳን ዘር በመንደሩ የቀረ ሰው የለም። ወንድምም የለኝም።

«አያ፣ እናቴ ከአልጋ አትነሣም። አንቱ ካልካቡት ማን ይካበው?» አልኳቸው።

«እኔማ የሌላው ወገን ነኝ። አንቺስ የማን ልጅ ነሽ? ወለተ ኪዳንም እኮ ሴት ነበረች።»

ግንበኞቹን አመስግኜ ሸኘሁ፤ ሲሚንቶውን ለመንደሩ ትምህርት ቤት ሰጠሁ። በማግስቱ ሥራ ጀመርኩ። የሌሎቹ ድርሻ ሰዎች ድንጋይ ከወንዝ እያመጡ እግሬ ሥር ያራግፋሉ፤ ካቡን ግን አንዳቸውም አይነኩም። መጀመሪያ የደረደርኩት ከሰዓት ተናደ። ተናድጄ አለቀስኩ። አያ ሙጬ በበትራቸው ጫፍ የቱን ከታች፣ የቱን ከላይ እንደማኖር እያሳዩኝ አብረውኝ ዋሉ። ማታ ማታ በቤታቸው ገብስ ቆሎና ጠላ እየቀረበልኝ፣ ወገቤን ይዤ እተኛለሁ። ቀናት ፈጀብኝ እንጂ ካቡ ቆመ። ትንሽ ጎበጥ ብሏል፤ ግን ቆሟል። አያ ሙጬ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዳሰሱ ተመለከቱትና «አያትሽ ከሥሩ ሆነው ይሰማሉ» አሉኝ።

ባሕር ዳር

ጥንታዊ መንደር ሲባል ይታየኝ የነበረው ብራናና ፍርስራሽ ነው። የኩርባ ማርያም ካብ በየክረምቱ ይፈርሳል፤ በየበጋውም የሚያነሣው ሰው ይመጣል። የመንደሩን ጥንታዊነት ያየሁት እዚያ ላይ ነው።

እናቴ የተላላጡ እጆቼን ይዛ ሁሉን አዳመጠችኝ። ካቡ መቆሙን ስነግራት ደስ ይላታል፣ ታርፋለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ትክ ብላ አየችኝ።

«ለአንቺስ ቦታ ይተርፋል?» አለችኝ።

እዚያ መንደር ያደርኩት በዕድሜዬ ያን ሰሞን ብቻ ነው። ስለ ራሴ መቀበሪያም አንድ ቀን አስቤ አላውቅም ነበር።

«ይተርፋል፣ እማዬ» አልኳት። ያን ጊዜ ዓይኗን ጨፍና አረፍ አለች።