መኪና መርማሪዋ ቀፎ

አናቢው ሲራመድ ያየ ሰው የተኛ ሕፃን እንዳይቀሰቅስ የሚጠነቀቅ ይመስለዋል። እጁን የሚዘረጋው ቀስ ብሎ ነው፤ በር የሚዘጋው ቀስ ብሎ ነው፤ ማስነጠስ እንኳ ሲመጣበት ፊቱን አዙሮ አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ይይዛል። ዕድሜውን ከንብ ጋር ያሳለፈ ሰው ድንገተኛ ነገር አይወድም። ሰፈሩ «አባ ቀስታ» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ እሱም ስሙን ለመልመድ ጊዜውን ወስዷል።

ቤቱ የራሱ ሕግ አለው። ሽቶ አይቀቡበትም። ጥቁር ልብስ ለብሶ ቀፎዎቹ ወዳሉበት ጓሮ መግባት የለም። ሙዝ ደግሞ ደጃፉን አያልፍም። ንብ ስትቆጣ የምትረጨው ሽታ የሙዝ ሽታ ስለሚመስል፣ አንዲት ልጣጭ ቀፎ ሙሉ ንብ «ተወረርን!» ብሎ እንዲነሳ ታደርጋለች። የዚህ ሕግ ዋና ተጎጂ ሚስቱ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ መንገድ ዳር ባለችው ክፍሏ በአንድ በኩል ትሰፋለች፣ በሌላ በኩል ማር ትሸጣለች። ሙዝ ስትወድ ለጉድ ነው። ካገባችው ወዲህ ግን በቤቷ ውስጥ አንድም ቀን ሙዝ ልጣ አታውቅም።

ዘንድሮ የሜዳው አበባ ቶሎ ረገፈ። ንቦቹ የራሳቸውን ስንቅ መብላት ጀመሩ፤ በዚሁ ከቀጠሉ እስከሚቀጥለው አበባ የሚደርሱት ጥቂቶቹ ነበሩ። ከተራራው ትከሻ ላይ ግን ቢጫው አበባ ፈክቷል፤ ከጓሮው ሆኖ ቀና ያለ ሰው ያየዋል። ችግሩ መንገዱ ነው። ሸክላ አፈር ነው፣ ዝናብ ሲመታው ሰው ራሱ ቁልቁል ይንሸራተታል። የጭነት መኪና ተከራይቶ ቀፎዎቹን ማውጣትም አልሆነም። ባለፈው ዓመት አንድ ቀፎ መንገድ ላይ ተከፍቶ ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ዘሎ ወረደ፤ ሲፈለግ ወንዝ ውስጥ እስከ አንገቱ ተነክሮ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ አባ ቀስታን ያየ ሹፌር ሁሉ መኪናው ተበላሽቷል።

ስለዚህ የራሱ ባለ ፎር ዊል ፒክአፕ ያስፈልገው ነበር። ባልና ሚስት ያጠራቀሙት ለአሮጌ፣ ያውም ለአንድ አሮጌ ብቻ ይበቃል። ተሳስተው ቢገዙ ሌላ ዕድል የላቸውም።

አማካሪው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ መካኒክ ነው፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር ዘይት በሠርጉ ቀን እንኳ አልለቀቀም። መካኒኩ መኪና ሲመርጥ ቀለሙን አያይም፤ ካርቶን አንጥፎ ከሥሩ ይገባል።

«ጋሼ፣ ቀለም ለፎቶ ነው። ሻንሲው ዝጎ እንደሆነ፣ ባሌስትራው ተሰብሮ እንደሆነ፣ ከካምቢዮው ዘይት ያንጠባጥብ እንደሆነ፣ እሱን ንገረኝ። ሞተሩን ደግሞ በብርዱ ነው የማስነሳው። አስነስተው አሙቀው ከጠበቁህ የደበቁህ ነገር አለ።»

አባ ቀስታ ይህን ሁሉ በአክብሮት ይሰማና የራሱን መሣሪያ ያወጣል። መሣሪያው ትንሽ ቀፎ ናት፤ ንቦቹ እንዳይወጡ በሯ በወንፊት ሽቦ ተከድኗል። ቀፎዋን ፒክአፑ ላይ ያስርና ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ ይነዳል። ከዚያ ወርዶ ጆሮውን እንጨቱ ላይ ይለጥፋል። ንብ ንዝረትን በእግሯ ነው የምትሰማው። ድምፃቸው ዝግ ያለ ከሆነ መኪናው ጤነኛ ነው፤ እየጮኸ ከወጣ አንድ የላላ ነገር አለ።

«ሙያዬን ለዚች ሳጥን ላስረክብ ነው?» አለ መካኒኩ በመጀመሪያው ቀን።

ሳጥኗ ግን ሥራዋን አወቀችበት። እንደ መስታወት የሚያበራ ቀይ ፒክአፕ መካኒኩ ከሥሩ ገብቶ «ደህና ነው» ብሎ ከወጣ በኋላ ንቦቹ አበዱ። መካኒኩ እያጉረመረመ ተመልሶ ገባ፤ ከሥሩ የተቀባውን አዲስ ጥቁር ቀለም በካቻቪቴ ሲፍቀው መኪናውን የሚሸከመው ሻንሲ ተሰብሮ የተበየደ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀፎዋ «ኢንስፔክተሯ» ተባለች፤ አባ ቀስታም የሰው ምክር መስማት አቆመ። የቀረበለትን ሁሉ ኢንስፔክተሯ ጣለችበት። ጥሩ ጥሩውን መኪና ሌላ ሰው ይወስድባቸው ጀመር።

በዚህ መሀል ግራጫው ፒክአፕ መጣ። ያመጣው ደላላው ነው፤ የሚሸጠውን ሁሉ «አንደኛ ነው!» ስለሚል ስሙ ራሱ አንደኛ ሆኗል። የመኪናው ባለቤት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ ልጃቸው ዘንድ ለመኖር ሊሄዱ ነው። ቀኑ ዝናባማ ነበር። አባ ቀስታ ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ተደፍኗል። ሚስቱ ብሩን በጨርቅ ቋጥራ ከጉያዋ ከታ አብራ መጥታለች።

መካኒኩ ካርቶኑን አንጥፎ ገባ። ቆየ። ሲወጣ ፊቱ ተለውጧል።

«ጋሼ፣ ይኼን ካልገዛህ እኔ ቤቴን ሸጬ እገዛዋለሁ።»

«ቤት የለህም እኮ» አለችው እህቱ።

«ቤት ሠርቼ እሸጣለሁ!»

ሞተሩ በብርዱ አንዴ ነክቶት ተነሳ፤ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ የለም። የፎር ዊሉ ማርሽ ያለ ትግል ገባ። የፍሬኑ ፔዳል ጎማ አንድ ጎኑ ተልጧል፤ የአዋላጇ ጫማ የበላው ነው። አባ ቀስታ ግን «መጀመሪያ እሷ ትየው» አለ። የኋላው መጫኛ በዝናቡ ስለራሰ ኢንስፔክተሯን ጋቢና ውስጥ ወንበር ላይ አስቀመጣት፤ መስኮቱን ዘጋ፤ ነድቶ ወጣ።

ሲመለስ ፒክአፑ ገና በቅጡ ሳይቆም በሩ ተበረገደ፤ አባ ቀስታ ቀፎዋን ታቅፎ እየሮጠ ወረደ። ሰፈሩ ሲሮጥ አይቶት አያውቅም። ቀፎዋ እንደ ፈላ ድስት ትንጫጫለች።

«አይሆንም» አለ እያለከለከ። «እንዲህ ጮኸው አያውቁም። ይኼ መኪና ውስጡ የተደበቀ ነገር አለበት።»

«ምን ተደበቀበት?» አሉ አዋላጇ ከበረንዳው ሆነው። ትንሽ ሴት ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ትንሽ አይደለም። «እኔ ነኝ የደበቅኩት?»

«እትዬ፣ እርስዎን አላልኩም። ንቦቹ ናቸው...»

«ንቦቹ መንጃ ፈቃድ አላቸው?»

መካኒኩ ካርቶኑን መሬት ላይ ወረወረ። «ጋሼ በፈጠረህ! አበባው ሊረግፍ ነው እኮ!»

«ሌላ ገዢ ደግሞ ለምሳ ሰዓት ተቀጥሯል» አሉ አዋላጇ። «እናንተ ቀድማችሁ ስለመጣችሁ ነው የቆየሁት። ከዚያ በኋላ ቃል የለብኝም።»

አባ ቀስታ ቀፎዋን እንዳቀፈ ዝናቡ ውስጥ ቆመ። ተራራውን አየ፤ ፒክአፑን አየ፤ ጆሮውን መልሶ እንጨቱ ላይ አደረገ። ጩኸቱ አልቀነሰም።

ሚስቱ ዝናቡን ለመሸሽ ጋቢናው ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ወዲያው አፍንጫዋ ተንቀሳቀሰ። አንድ ጊዜ ሳበች። ዓይኗን ጨፍና ደግማ ሳበች።

«ሙዝ!» አለች፣ የጠፋ ዘመድ ያገኘ ሰው በሚያወጣው ድምፅ።

ከፊት መስታወቱ ላይ አንዲት ቢጫ ካርቶን ተንጠልጥላለች፤ ለመኪና ሽታ የሚሰቀለው ዓይነት። አባ ቀስታ በተደፈነ አፍንጫው አጠገቧ ተቀምጦ ሲነዳ ምንም አልሸተተውም።

አዋላጇ ወደ ደላላው ዞሩ። «ይኼን ማን ሰቀለው?»

«እኔ ነኝ፣ ጠዋት» አለ አንደኛ። «ያው ፍየል ፍየል ይል ነበር፣ ለገዢ አይመችም ብዬ ነው። አንደኛ ሽታ እኮ ነው!»

መካኒኩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቋረጠው። «እታለም፣ አንቺ ግን እንዴት በአንድ ትንፋሽ ለየሽው? ቤታችሁ ሙዝ አይገባም እኮ።»

የልብስ ሰፊዋ ጆሮ ቀላ።

«ፍራፍሬ ሻጯ ጋ...» አለች። «አልፎ አልፎ። ከመጋረጃው ጀርባ። ስመለስ በሎሚ ታጥቤ ነው።»

«ለካ ለዚህ ነው እጅሽ ሎሚ ሎሚ የሚለው» አለ ባሏ። «እኔ ደግሞ ለጨርቁ የምትጠቀሚበት ነገር መስሎኝ።»

ካርቶኗ ተነቅላ ተጣለች፤ መስኮቱ ሁሉ ተከፈተ። ግን አንዴ የተቆጣ ንብ በቶሎ አይበርድም። ኢንስፔክተሯ ዛሬ ዳግመኛ አትመረምርም፤ ነገ ደግሞ መኪናው የሌላ ሰው ነው። አባ ቀስታ ቀፎዋን በረንዳው ላይ አስቀመጠ። ባዶ እጁን ምን እንደሚያደርግበት የጠፋበት ይመስል ነበር።

«እትዬ፣ በዚህ መኪና ተራራው ላይ ወጥተው ያውቃሉ?»

«ወጥተው ያውቃሉ ወይ ይለኛል እንዴ! ምጥ ዝናብ ያባራ እንደሆነ አይጠይቅም፣ ልጄ። ከዚያ ላይ ስንት እናት ጭኜ ወርጃለሁ። አንድ ቀን ጭቃ ውስጥ ትቶኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ላንተ ለመሸጥ ፊት አይኖረኝም።»

አባ ቀስታ መካኒኩን አየው። መካኒኩ ጭቃ የነካውን ካርቶኑን አንስቶ አራገፈ። አናቢው ወደ ፒክአፑ ሄደ። ሞተሩ እየሠራ ነው። መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳርፎ፣ ቀፎ ላይ እንደሚያደርገው፣ ዓይኑን ጨፈነ። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ የሚያውቁት ቀስታ የሚለውን ስም ያወጡለት ሰዎች ናቸው።

«ስጫቸው» አለ ለሚስቱ።

እሷ ቋጠሮውን ከፈታችው ቆይታለች።

በማግስቱ ማለዳ ቀፎዎቹ ሸራ ለብሰው ግራጫው ላይ ተጫኑ። ሸክላው መንገድ ላይ ሲደርሱ የኋላ ጎማዎቹ ተንሸራተው ፒክአፑ በጎኑ ወደ ቦዩ ሄደ። አባ ቀስታ ድንገተኛ ነገር ሳያደርግ አቆመ፤ የፎር ዊሉን ማርሽ ቀስ ብሎ አስገባ። ግራጫው አንዴ ተንቀጠቀጠና አራቱም ጎማ ጭቃውን ነክሶ ወጣ። ጫፍ ላይ ወርዶ ጆሮውን ከቀፎ ወደ ቀፎ እየለጠፈ አዳመጠ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር። ሽቦው ሲነሳላቸው ወደ ቢጫው አበባ ሄዱ፤ የሸኛቸውን ሰው ዞር ብለው አላዩትም።

ሲመለስ ኋላው ባዶ ነው። ፍራፍሬ ሻጯ ደጃፍ ላይ ቆመና በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«ለባለቤቴ ሙዝ ፈልጌ ነበር።»

ፍራፍሬ ሻጯ ስንት እንደሚፈልግ አልጠየቀችም፤ ከመጋረጃው ጀርባ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ከረጢት አውጥታ ሰጠችው። ከረጢቱ ከባድ ነበር። ላዩ ላይ ግማሽ ሎሚ ተቀምጧል።

አባ ቀስታ ሎሚውን ቀስ ብሎ አነሳው፣ አየው፣ መልሶ ከረጢቱ ውስጥ ከተተው።

«አልፎ አልፎ አላለችም?» አለ ለፒክአፑ፤ ሞተሩንም አስነሳ።