ከሚና ጆሮ ሥር የተቆረጠው ጸጉር

ሐመልማል ሰው ማመን የተወችው ባሏ በተቀበረ ዕለት ነው። እንጦጦ ማርያም ግቢ ውስጥ ፍትሐቱ ተጠናቆ አፈር ሲመለስ፣ አንዲት የማታውቃት ሴት ሁለት ልጆች አስከትላ መጣችና ከመቃብሩ ወዲያ ማዶ ቆመች። ልጆቹ «አባዬ! አባዬ!» እያሉ ያለቅሱ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ አብራው የኖረችው ሰው ለካ ሌላም ቤት ነበረው። ከዚያ ወዲህ ሰማዩ ጠቁሮ «ዝናብ መጣ» ቢሏት እንኳ ጠብታው እጇን ካልነካት አታምንም።

ሹሩባ ሠሪ ናት። ጉለሌ፣ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ ሽቅብ ማለት በሚጀምርበት ሰፈር፣ ከእናቷ በወረሰችው ጠባብ ግቢ ትኖራለች። ሙሽሮች ከሩቅ ሰፈር ሁሉ እየመጡ ይወስዷታል። ደንበኞቿ «እጇ ወርቅ፣ ዓይኗ እሾህ» ይሏታል፤ እየሠራች ዝም ብላ ታዳምጣለችና፣ የሰማችውን ደግሞ ግማሹን አታምንም።

ውሻ ያመጣችባት አንዲት ፈረንጅ ደንበኛዋ ናት። እናቷ ታማባት በድንገት ወደ አገሯ ልትሄድ ሆነና ውሻዋን በገመድ እየሳበች ከበር ደረሰች።

«እስክመለስ ያዥልኝ» አለቻት።

«ለምን እኔ?» አለች ሐመልማል። «ስንት ጓደኛ ያለሽ ሰው!»

«እንደ አንቺ ጸጉር የሚያውቅ ሰው የለኝም።»

እውነትም ነገሩ የጸጉር ነበር። የውሻዋ ዘር አፍጋን ሃውንድ ይባላል፤ ስሟ ሚና። ቁመቷ ከጠረጴዛ አያንስም። ፊቷ ረጅምና ቀጭን፣ ከጆሮዎቿ እስከ እግሯ ጣት ድረስ የሚወርደው ጸጉር ደግሞ የማር መልክ ያለው ሐር ነው። ከፊት ለፊት ያየ ሁሉ ጸጉሯን ፈታ የለቀቀች ሴት ይመስለዋል። ጎረቤቷ ደሳለች ገና በመጀመሪያው ቀን በአጥር ላይ አሻግራ አየቻትና አማተበች።

«ሐመልማል፣ ይቺ ውሻ አይደለችም። አንዷን ሴት ደግመውባት ውሻ አድርገዋት ነው።»

ሐመልማል ሳቀችባት፤ ግን ለጥቂት ቀናት እሷም ውሻዋን በጎን ታያት ነበር። ሚና እንደ ሰፈር ውሻ ጭራዋን እየቆላች አትቀበልም። ሲጠሯት አትመጣም። ሳንባ ከሩዝ ጋር ቀቅለው ቢያቀርቡላት መጀመሪያ ራቅ ብላ ትቆማለች፤ ሰው ዞር ሲል ነው የምትበላው። ዓይኗን ከሰው ራስ በላይ አሻግራ የሆነ ሩቅ ነገር ትመለከታለች። ሐመልማል ይህን ጠባይ ቀስ በቀስ ወደደችላት። «እሷም አንዱ የከዳት ናት» ትል ጀመር።

ጠዋት ጠዋት ወደ ባሕር ዛፉ ጫካ ይዛት ትወጣለች። ሲመለሱ የሚናን ጸጉር ጨጎጊት ወሮት ይመጣልና፣ ደጃፏ ላይ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ እየለቀመች ታበጥራታለች። መንገደኛው ቆሞ ያያል። አንዳንዴ ማበጠሪያው ከጆሮዋ ሥር ሲደርስ ሚና አንገቷን ቀልበስ ታደርጋለች። «ኩራተኛ!» ትላታለች ሐመልማል፣ በዚያው ትታው ወደ ጀርባዋ ታልፋለች። ሌላ ማንም ሚናን እንዲነካት ግን አትፈቅድም።

አንድ ቀን ከሙሽራ ቤት ስትመለስ ሚና በረንዳው ላይ ተኝታለች። ሐመልማል ጎንበስ ብላ ልትደባብሳት ስትል እጇ ባለበት ቀረ። ከግራ ጆሮዋ ሥር ጸጉሯ የለም። አልተነጨም፤ በመቀስ ተቆርጧል።

መጀመሪያ ትዝ ያለቻት ደሳለች ናት፤ «ለመተት ወስዳው ይሆናል» አለች። ደሳለች ግን ውሻዋን ስለምትፈራ ወደ ግቢው ብቅ አትልም። ሌላ ማን አለ? በግቢዋ ውስጥ፣ በአንድ ግድግዳ ብቻ የምትለያት ተከራይዋ ኡመይማ አለች። ኡመይማ የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ እየጠለፈች ለሽሮ ሜዳ ነጋዴዎች የምታስረክብ፣ ዝምተኛ ወጣት ናት። ቀኑን ሙሉ ቤት ትውላለች። መቀስ ከእጇ አይለይም። ሚናን ስታይ ደግሞ ቀሚሷን ሰብስባ ግድግዳ ግድግዳውን ታልፋለች፤ ውሻዋ ከላሰቻት ለሶላት ልብስ መቀየር አለባት።

ሐመልማል ይህን ሁሉ ገጣጠመችው። «ውሻ የሚጠላ ሰው የውሻ ጸጉር ምን ይሠራለታል?» ብላ ራሷን ጠየቀች። መልሱንም ራሷ ሰጠች፦ «መሸጥ ነዋ! ይሄን የመሰለ ጸጉር ማን ይጠላል!» ኡመይማ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ የቆሻሻ ፌስታሏን ፈታ በረበረች። ከክር ቁርጥራጩ ሥር፣ በሌላ ፌስታል የተጠቀለለ ማር የመሰለ ጸጉር አገኘች። እንደነበረ መልሳ ቋጠረችው፤ እጅ ከፍንጅ መያዝ ፈለገች።

በማግስቱ ነጠላዋን አጣፋች። «ማርያም ተሳልሜ መጣሁ!» አለች ጮክ ብላ፣ በሩንም ጓ አድርጋ ዘጋችው። ከዚያ ዞር ብላ በደሳለች ግቢ ገባችና በቆርቆሮው አጥር ስንጥቅ ዓይኗን ሰካች። ደሳለችም ከኋላዋ ተለጥፋ «ታየሽ? ታየሽ?» ትላለች።

ብዙም አልቆየችም። ኡመይማ ወጣች። በሁለት እጆቿ ፌስታል አጥልቃ አንጓዋ ላይ በክር አስራዋለች። ሚና፣ ጆሮዋን ለማንም የማትሰጠው ሚና፣ ራሷ ተነሥታ ሄደችና አጠገቧ ተቀመጠች።

«እሺ የኔ እናት፣ ትንሽ ናት የቀረችው» አለች ኡመይማ፣ መቀሱን እያስጠጋች።

ሐመልማል ከዚያ በላይ አልቻለችም። ዞራ በሩን በርግዳ ገባች።

«አንቺ ሌባ! እኔ ቤት ተቀምጠሽ!»

መቀሱ ከኡመይማ እጅ ወደቀ።

«እትዬ ሐመልማል፣ አይቆጡ፣ መጀመሪያ ይዩት...»

«ምኑን ነው የማየው? ቆሻሻሽ ውስጥ አግኝቼዋለሁ!»

«ጸጉሩን ሳይሆን ሥሩን ይዩት! እርስዎ ሥራ ሲሄዱ ስታቃስት ትውላለች። ግድግዳው ቀጭን ነው፣ እሰማታለሁ።»

ሐመልማል እያመነታች ተንበረከከች። የሙሽራ ጸጉር እንደምትከፍል በጣቶቿ ከፈል አደረገችው። ከላይ ሐር የሆነው ጸጉር ከሥሩ ተቆላልፎ፣ ጨጎጊቱን እንደ ዋጠ ደርቆ ቆዳውን ሰቅዞታል። ኡመይማ ቆርጣ ባነሣችበት ቦታ ቆዳው ቀልቶ ውሃ አዝሏል። በብብቷም በኩል እንዲሁ ነው። ሽታው አፍንጫዋን ሲመታት ዓይኗን ጨፈነች። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ያበጠረችው ላዩን ነው። ያ አንገት መቀልበስም ኩራት አልነበረም፤ ሕመም ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ።

«ነግሬዎት ነበር እኮ። ጆሮዋ አካባቢ ይሸታል ስልዎ፣ ‹የሚሸትሽ ሃይማኖትሽ ነው› አሉኝ።»

ሐመልማል ይህን ማለቷ ትዝ አላት። ደሳለች በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «እህ? ምን ሆነ?» አለች።

ሚናን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰዷት፤ ሐኪሙ መላ ጸጉሯ ካልተላጨ ቁስሉ አይድንም አለ። ተላጨች። ከዚያ ሁሉ ሐር ውስጥ እንደ ሚዳቋ የቀጠነች፣ አጥንቷ የሚቆጠር ፍጡር ወጣች። ሰፈሩ ሳቀ። ሐመልማል ግን ጠዋትና ማታ ቅባት ትቀባታለች፣ ኡመይማም ፌስታሏን አጥልቃ አንገቷን ትይዝላታለች። ይቅርታ የሚለው ቃል ከሐመልማል አፍ አልወጣም፤ አንድ ቀን ብቻ ኡመይማን አስቀምጣ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብላ ቀጭን ሹሩባ ሠራችላት። ስትጨርስ «ያመመሽ ቦታ ካለ ንገሪኝ» አለቻት።

ጸጉሩ እንደገና መውረድ ሲጀምር ፈረንጇ ደወለች። እናቷ አርፋለች፣ ከእንግዲህም አትመለስም። ውሻዋን የሚወስድ ሰው እልካለሁ አለች።

ሰውየው ጥሩ ለብሶ፣ ጥሩ መኪና ይዞ መጣ። ሐመልማል በሩ ላይ አቆመችው።

«ውሻ አሳድገህ ታውቃለህ?»

«አዎ፣ ሁለት ነበሩኝ።»

«የት ሄዱ?»

«እ... ማለቴ... ለሰው ሰጠኋቸው።»

ሐመልማልና ኡመይማ ተያዩ።

«በሳምንት ስንቴ ታበጥራታለህ?» አለች ኡመይማ ከኋላ።

«ሠራተኛ አለችኝ፣ እሷ...»

«ሠራተኛዋን ይዘሃት ና፤ እሷን ነው የማነጋግረው» አለች ሐመልማል፣ መዝጊያውን እየገፋች።

ሰውየው ተመልሶ አልመጣም። ሐመልማል ለፈረንጇ ራሷ ደወለችና፣ የላክሽው ሰው ዓይኑ አላማረኝም፣ ውሻዋ እዚሁ ናት አለቻት።