‹ይቅርታ› እንቢ ያለች ቀን

እሷ ቬሎ ስትሰፋ እኔ ስተኩስ፣ አንድ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ብዙ ዘመን አሳልፈናል። እሷ በመስኮቱ በኩል ከስፌት መኪናዋ ጋር፣ እኔ በሩ አጠገብ ከካውያዬ ጋር። ስለዚህ ይህን ታሪክ የነገረኝ ሦስተኛ ሰው የለም። ብዙውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የቀረውን እሷው ራሷ እየሳቀች አጫውታኛለች።

ስም ነበራት፤ ግን ሁላችንም ‹ይቅርታ› ነበር የምንላት። ቃሏ ከአፏ አትጠፋማ! እግሯን የረገጣት ሰው ዞር ሳይል እሷ ቀድማ «ውይ፣ ይቅርታ» ትላለች። ሁሉንም ሰው ‹እርስዎ› ነው የምትለው፤ ድመት ሳይቀር። የሱቃችንን አሻንጉሊት፣ ያችን ቬሎ የምናለብሳትን፣ በክርኗ ገጭታት «ይቅርታ፣ አመመዎት?» ስትላት በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንድ ጊዜማ አንዲት ሙሽራ ስትለካ ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ ቆመች። ልብሱ አልቆ ሲመጣ ዚፑ አልዘጋ አለ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። የእኛዋ ግን በላብ ተጠምቃ «ይቅርታ፣ ስለወፈሩ በጣም ይቅርታ» አትላትም! ሙሽራይቱ ያነሳችው ጩኸት እስከ ማዶ ተሰማ። እኔ ጓዳ ገብቼ፣ ፊቴን መጋረጃ ውስጥ ቀብሬ፣ ትከሻዬ እስኪደክም ሳቅሁ።

እጇ ግን ሌላ ነው። ዳንቴል ስትገጥም መርፌው የት እንደገባ የት እንደወጣ አይታወቅም። «እጅሽ ይባረክ» ሲሏት «አይ፣ ክሩ ጥሩ ሆኖ ነው» ትላለች። ምስጋናን እንደ ትኩስ ድንች ከእጇ የምትጥል ሰው ነበረች።

እናቷ የሞተችው እሷ ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ ነው። ከታላቅ እህቷ ጋር አክስታቸው ቤት አደጉ። አክስትየው ክፉ ሴት አልነበረችም፤ የራሷ ልጆች ቤቱን ሞልተውት፣ ደክሟት ውላ ደክሟት የምታመሽ ሴት ነበረች። ብርጭቆ ሲሰበር፣ ወተት ሲገነፍል፣ «ይቺው ልጅ ናት!» ማለት ይቀላታል። ትንሿ ልጅም አንድ ብልሃት አገኘች፦ ቁጣው ሳይጀምር ይቅርታ ካሉ ቶሎ ያልፋል። ላልሰበሩት ብርጭቆም ቢሆን። ቁጣው ከብዙ ዓመት በፊት ቀረ፤ ብልሃቱ ግን አብሯት አደገ።

ታላቅ እህቷ አግብታ ወለደች። ልብስ ማጠቡ ሲመጣ እሺ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማምጣቱ ሲመጣ እሺ፣ መጋረጃ መስፋቱ ሲመጣ እሺ። እህቷ «ስሚማ፣ ቅዳሜ…» ብላ ስትጀምር ይቅርታ «እሺ» ብላ ትጨርስላታለች።

በቤተ ክርስቲያናችን፣ እሁድ ከአምልኮ በኋላ፣ የሴቶች ትምህርት የተጀመረው በዚህ መሀል ነው። የምታስተምረን ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ሁላችንም ሲስተር እንላታለን። ረጅም፣ ድምፀ ጎርናና፣ ስትስቅ የተቀመጠችበት ፕላስቲክ ወንበር አብሯት የሚስቅ ሴት ናት። ትምህርቱ ስለ ቆሰለ ልብ ፈውስ ነው ሲባል እኔ ለቅሶ ይበዛበታል ብዬ ሁለት መሀረብ ይዤ ሄድኩ።

«ጌታ ‹ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ› ብሏል» አለች ሲስተር። «ስለ ባልንጀራችን ስንሰማ ኖረናል። ዛሬ ‹እንደ ራስህ› የምትለዋን ቃል እንያት።» ከዚያ ወደ ይቅርታ ዞረች። «አንቺ ልጄ፣ ጎረቤትሽን ልክ ራስሽን እንደምትወጃት አድርገሽ ብትወጃት ምን ይሆናል?»

ይቅርታ ማንኛውንም ጥያቄ ከልቧ ነው የምታስበው። አሰበች፣ አሰበችና «ፖሊስ ትጠራብኛለች» አለች።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የሲስተርን ወንበር አንዷ ባትደግፈው ይገለበጥ ነበር።

«ምን አድርገሻት?»

«ይቅርታ ሲስተር፣ ግን እኔ መርፌ ሲወጋኝ ‹አንቺ ደንቆሮ፣ ድሮም አንቺ!› ነው የምለው። ምግብ ሲያርብኝ ደህና ደህናውን ለእንግዳ አስቀምጬ ያረረውን እኔ እበላለሁ። ጎረቤቴን በሯ ላይ ቆሜ እየሰደብኩ ያረረ ባበላት…» ንግግሯን ሳትጨርስ እሷም ከእኛ ጋር መሳቅ ጀመረች።

ሲስተር ዓይኗን ጠርጋ ወንበሯን ወደ እሷ አስጠጋች። «እስቲ ንገሪኝ፤ አንቺ ዓይንሽ እስኪፈስ የሰፋሽውን ቬሎ አንዷ መጥታ ‹ይሄ ደግሞ ጨርቅ ነው?› ብትልሽ?»

«አለቅሳለሁ።»

«አንቺን የሠራሽ ማን ነው?»

«እግዚአብሔር።»

«እና እሱ ምን ይሰማው ይመስልሻል፣ በየቀኑ ሥራውን ፊቱ ላይ እያጣጣልሽበት?»

ይቅርታ በሕይወቷ እንደዚህ አስባ አታውቅም ነበር፤ ራሷን መስደብ ትሕትና ይመስላት ነበር።

ሲስተር ቀጠለች። «ጌታ ያን ዓይነ ስውር ‹ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?› ብሎ ጠየቀው። ሰውየው እንደማያይ ጠፍቶት ነው? የሰውየውን ፍላጎት ከሰውየው አፍ ሊሰማ ፈልጎ እንጂ። አንቺን ቢጠይቅሽስ?»

«ሌሎቹ የሚፈልጉትን እንዲያደርግላቸው…»

«ሌሎቹ በተራቸው ይጠየቃሉ። አሁን ያንቺ ተራ ነው።»

«አላውቅም» አለች በቀጭን ድምፅ። «ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።» ከዚያ ለቅሶ መጣባት፤ ለቅሶው ሳያልቅ ሳቅ መጣባት፤ ሁለቱ ጉሮሮዋ ላይ ተጋጭተው ስቅታ ሆኑ። አንዷ ውኃ ታቀርባለች፣ አንዷ ጀርባዋን ትመታለች፣ እሷ በስቅታ መሀል «ይቅ—ይቅ—» ትላለች። አንዱን መሀረብ ለእሷ ሰጠኋት። ሁለተኛው ለእኔው ሆነ።

ስንለያይ ሲስተር የቤት ሥራ ሰጠቻት፦ «በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ላይ ‹አይ› በይ። በፍቅር። ከኋላው ግን ይቅርታ እንዳታስከትዪ።»

በማግስቱ ሱቅ ውስጥ ልምምድ ጀመርን። አሻንጉሊቷን መሀል ላይ አቆምናት፤ እኔ ከኋላዋ ሆኜ በእህቷ ድምፅ «ስሚማ፣ ቅዳሜ…» እላለሁ። ይቅርታ እጇን አጣምራ «አይ፣ አልች— ይቅርታ!» ትላለች። እንደገና። «አይ፣ ይቅ—» እንደገና። ካውያው እስኪቀዘቅዝ ተለማመድን። በመጨረሻ አየር ሳበች፣ ዓይኗን ጨፈነችና «አይ!» ብላ ጮኸች፤ መስታወቱ ሁሉ ነዘረ።

ልክ በዚያች ቅጽበት የስፌት መኪና የሚጠግንልን መካኒክ በሩን ከፍቶ «መኪናውን ልየው?» ብሎ ነበር።

ሰውየው ጨዋ ነው። አንድ ቃል ሳይመልስ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ፣ የዕቃ ሳጥኑን እንዳንጠለጠለ መንገዱን ቀጠለ።

ይቅርታ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳደረገች፣ ስፒል በከንፈሯ እንደያዘች ተከትላው ወጣች። እኔም ለማየት በሩ ላይ ቆምኩ። «ለእርስዎ አልነበረም!» ትላለች እየሮጠች።

«ታዲያ ለማን ነው?»

ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች። «ለአሻንጉሊቷ!»

መካኒኩ አያት። ሜትሩን አየ፣ ስፒሎቹን አየ። ከዚያ የዕቃ ሳጥኑ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ነገሩን ስትነግረው ግን ሳቁን አቆመና እንዲህ አላት፦ «ጥሩ ልምምድ ነው። አይ ማለት የሚችል ሰው እሺ ሲል ሰው ያምነዋል። ደግሞ እኔን አንተ በይኝ፤ እርስዎ ስትዪኝ ጢም የበቀለብኝ ይመስለኛል።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ መኪና ሳይበላሽ ይጠገን ጀመር። በላይ በላዩ በተቀባው ዘይት ክሩ ራሱ ይንሸራተት ነበር።

ጉዱ የፈላው ግን የአክስታቸው የመጨረሻ ልጅ ስታገባ ነው። ቬሎውን የሰፋችው ይቅርታ ናት፤ ጭራው እንዳይጠላለፍ ብላ ከሙሽራይቱ ኋላ፣ ከፊተኛው ወንበር ተቀምጣለች። እህቷ ከጎኗ። እኔ ከእነሱ ኋላ ነበርኩ። መጋቢው ስለ ጋብቻ ክቡርነት እየተናገሩ ሳለ እህቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«ስሚማ፣ ሥራ አግኝቻለሁ። ልጆቹን የሚይዝ ሰው የለም። ሱቁን ተይውና እኛ ቤት ግቢ።»

ይቅርታ ጎንበስ ብላ የቬሎውን ጭራ አስተካከለች።

«ብቻሽን ኪራይ ቤት ምን ትሠሪያለሽ? ለባሌ እሺ ብላለች ብዬዋለሁ። ሰኞ ዕቃሽን እናወጣለን።»

ከኋላ ሆኜ የይቅርታ ጆሮ ሲቀላ አየሁ። ትከሻዋ ከፍ አለ፤ አየር ሳበች። ያን አየር አውቀዋለሁ! ክንዷን ልይዝ እጄን ስዘረጋ መጋቢው «እንግዲህ ይህ ጋብቻ እንዳይፈጸም ተቃውሞ ያለው ሰው ካለ አሁን ይናገር» አሉ።

«አይሆንም!» አለች ይቅርታ ብድግ ብላ። «አልስማማም!»

ሙሽራው እንደ ቬሎው ነጣ። እናቱ የጎረቤታቸውን ክንድ ጨምቀው ያዙ። ሙሽራይቱ ዞር ብላ «ምን አደረግሁሽ?» አለች። መጋቢው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ተቃውሞሽ ምንድን ነው?»

ይቅርታ የት እንዳለች ያኔ ገባት። አፏ ለዚያች ለድሮዋ ቃል ሲዘጋጅ አየሁት። ግን ዋጠችው። ቀጥ ብላ ቆማ «ጋብቻውን አይደለም!» አለች። «ጋብቻው ይቀጥል! እንቢ ያልኩት እህቴን ነው።»

«ስለ ምን?»

«ሥራዬን ትቼ ቤቷ እንድገባ።»

በመጋቢው ጢም ሥር የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ ይታያል። «ስለዚህ በእነዚህ በሁለቱ ላይ ምንም ቅሬታ የለሽም?»

«ቬሎውን እኔ ነኝ የሰፋሁት! እንዴት አድርጌ እቃወማለሁ?»

ከኋላ ወንበር የሲስተር ጎርናና ድምፅ «አሜን!» አለ። ከዚያ በኋላማ ማን ማንን ያስቁም! ሙሽራይቱ አበባዋን ፊቷ ላይ ደፍታ ትስቃለች፣ ሙሽራው ግድግዳ ይደገፋል፣ መጋቢው መነጽራቸውን ይጠርጋሉ፣ ይጠርጋሉ፣ አይጨርሱም። የጋብቻው ቃል ኪዳን በስንት ትግል ተፈጸመ።

ያልሳቀች እህቷ ብቻ ነበረች። ሳትሰናበት ሄደች፤ ለሳምንታትም ጠፋች። ለይቅርታ ቀላል አልሆነላትም፤ ስትሰፋ ታለቅስ ነበር። «ሄጄ እሺ ልበላት?» ትለኛለች። «ስለምትፈልጊ ነው ወይስ ስለፈራሽ?» እላታለሁ፤ ሲስተር ያስተማረችንን። «ስለፈራሁ» ትላለች፤ መስፋቷን ትቀጥላለች።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እህቷ መጣች። በሩ ላይ ቆማ «ጠላሽኝ እንዴ?» አለች።

«እትዬ፣ ብጠላሽ እሺ ብዬ በሆዴ አማሽ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹን ላኪልኝ፤ ናፍቀውኛል። ልብስ ማጠቡን ግን አልችልም።»

እህቷ የሙሽሮች መለኪያ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ልትቆጣ የመጣች ይመስለኛል፤ የመጣው ግን እንባ ነበር። «አክስቴ ቤት አንቺን ‹ጥፋተኛ› ይሉሽ ነበር፣ እኔን ‹ትልቅ ነሽ፣ ቻዪው›። እኔም ምን እንደምፈልግ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሲከብደኝ ወደ አንቺ ማሻገር ብቻ ነው የማውቀው።» ይቅርታ ከመኪናዋ ተነስታ አቀፈቻት። ቀጥሎ ያለውን እሁድ እህቷም ትምህርቱ ላይ መጣች፤ እንዲያውም ሲስተርን የምትናገርበት ጊዜ አሳጣቻት። ልጆቹን የምትይዝ ደግ ባልቴት ከዚያው ከትምህርቱ ተገኘች።

መካኒኩስ? አንድ ረፋድ ያልተበላሸውን መኪና ፈታ፣ ገጠመ፣ እንደገና ፈታ። በመጨረሻ መፍቻውን አስቀመጠ። «ባገባሽ ደስ ይለኛል» አለ። «አይ ብትዪኝ ደህና ነኝ።» ትንሽ አሰበ። «ደህና አይደለሁም። ግን አልቀየምሽም።»

የድሮዋ ብትሆን ቃሉን ሳይጨርስ እሺ ባለች። «አስቤ ልንገርህ» አለችው። ምስኪኑ ጭንቀቱን የሚያሳልፍበት ቢያጣ ማዶ ካለው ፀጉር ቤት ገባ። እሷ መኪናዋ ፊት ተቀምጣ ዓይኗን ጨፍና ጸለየች። ዓይኗን ስትገልጥ «እሺ የምለው እንዳይቀየመኝ ፈርቼ ይሆን ብዬ ራሴን ጠየቅሁ» አለችኝ። «እሱ ግን አልቀየምም ብሏል። ፍርሃቱን ሳወጣው የቀረው መፈለጌ ብቻ ሆነ። ወይ ጉድ! እፈልገዋለሁ!»

መንገዱን ሮጣ ተሻገረች። የፀጉር ቤቱን በር ከፍታ «እሺ!» ብላ ጮኸች። መካኒኩ ግማሽ ራሱ ተላጭቶ፣ ግማሹ ጎፍሮ፣ ጨርቁ አንገቱ ላይ እንደታሰረ ዘሎ ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ይዞ ተከተለው። ሦስቱ መንገድ መሀል ቆመው ሲስቁ መኪኖች ጡሩንባ ይነፉባቸዋል፤ እኔ ካውያ ረስቼ የአንዷን ሙሽራ ገበር አቃጠልኩ።

የራሷን ቬሎ ራሷ ሰፋች። «ምን ዓይነት ትፈልጊያለሽ?» ስላት ወዲያው «ኪስ ያለው!» አለችኝ።

«ቬሎ ላይ ኪስ?»

«ሁለት።»

ሰፋችውም። መጋቢው ስለ ትዕግሥት ረጅም ስብከት ሲሰብኩ እጇን አንዱ ኪሷ ውስጥ ስትሰድ አየኋት። ከረሜላ ነው። አንዱን ለራሷ ጎረሰች፤ ቀጥሎ ሌላውን ማንም እንዳያያት በጎን ለሙሽራው አቀበለችው።