ሁለት ወረቀት የለም ያለው ጠጠር

ታምሜ ሳለሁ አልታመምክም ተብዬ ከሥራዬ ተነሥቻለሁ።

ያነሣችኝ እዚህ ጁባ፣ ማላኪያ ሰፈር ሆቴል ያላት ያገሬ ሰው ናት። አምስት ዓመት ሙሉ በጭነት ጀልባ የሚመጣላትን ዱቄትና ዘይት ከወደብ እየተረከብኩ ያስገባሁላት እኔ ነኝ።

ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ ወደቡ ላይ ዱቄት ሳስጭን ጎኔን ያዘኝ። ከወገቤ ተነሥቶ ወደ ብሽሽቴ ይወርዳል። ብቀመጥም፣ ብቆምም፣ ብተኛም አይለቅም። ጆንያው ላይ ተንከባለልኩ። ጫኞቹ የሰከርኩ መስሏቸው ሳቁ፤ አንዱማ በዚህ ሰዓት ማን ቀዳለት ብሎ ጠየቀ።

በማግስቱ ክሊኒክ ሄጄ አልትራሳውንድ ተነሣሁ። ባለሙያው ሆዴን ቅባት ቀብቶ አሸት አሸት አደረገና «ማፊ» አለ። የለም ማለቱ ነው። ጠጠር የለም፣ ምንም የለም። በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ።

ሴትዮዋ ወረቀቱን አይታ መለሰችልኝ። ከሦስት ቀን በኋላ ሕመሙ ሲመለስብኝ ግን ራሷ መኪና ውስጥ አስገብታ ራጅ ወሰደችኝ። ራጅ እንኳ አያታልልም አለች። ፊልሙ ላይ የጎድን አጥንቴና የአከርካሪዬ አጥንት ተደርድሯል፤ ጠጠር የለም፤ ከፊልሙ ጋር የሰጡን ወረቀትም የለም ይላል።  ተመልሰን ሆቴሉ በር ላይ ስንደርስ እንዲህ አለችኝ፦

«ሸክሙ ከከበደህ ከበደኝ በል። በሆድ አታመካኝ።»

በበነጋታው ወደብ ሌላ ሰው ላከች።

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ፣ እዚሁ ጁባ ነው። እስከዚያ በጣቴ ነበር የምፈርመው። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይሳሳታል ብዬ አስቤ አላውቅም። አሁን ሁለት ወረቀት የለህም ይለኛል፣ ጎኔ አለህ ይለኛል። ኮር ዊሊያም ሰፈር ያለችው ክፍሌ ውስጥ ተኝቼ፣ ሕመሙ ፋታ ሲሰጠኝ፣ እውነትም አስመስዬ ይሆን እያልኩ ራሴን ጠየቅኩ። ሰው ሳያውቀው ያስመስላል እንዴ? ግራ ገባኝ።

ሽንቴ ደም ሲሆን ጎረቤቶቼ ትልቁ ሆስፒታል አደረሱኝ። እዚያ ሲቲ ስካን የሚባል ቀለበት ውስጥ አስገቡኝ። ሐኪሙ አማርኛ ተናጋሪ ነው። ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ አሳየኝ፤ የሽንት ቱቦው ሊያልቅ ሲል፣ ፊኛው አፍ ላይ ተቀርቅራለች።

«ታዲያ ማን ነው የዋሸው?» አልኩት።

ማንም አልዋሸም አለኝ። ራጅ አንዳንዱን ጠጠር አያየውም፣ ጨረሩ ያልፍበታል፤ የአንተ ከዚያ ዓይነት ይመስለኛል። ይህኛው ማሽን ሁሉንም ያያል ለማለት ይቻላል። ለምን መጀመሪያውኑ እዚህ አልከተታችሁኝም ብዬ ብጠይቀው፣ የዚህ ጨረሩ ብዙ ነው፣ አልትራሳውንድ ግን ጨረር ስለሌለው በሱ ይጀመራል አለ። እሺ፣ አልትራሳውንዱስ ምን ሆኖ ነው? አልኩት። ኩላሊት ውስጥ ያለውን ያያል፤ እታች የወረደውን ለማየት ግን ፊኛ በውሃ መሞላት አለበት።

«ውሃ ጠጥተህ ነበር?»

 ክሊኒኩ ያለችው ነርስም ይህንኑ ጠይቃኝ ነበር፤ ጠጥቻለሁ ብያታለሁ። አልጠጣሁም። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አልቀምስም፤ ለማሽን ብዬ ጾሜን አልሽርም አልኩ። ለሐኪሙ ስነግረው፣ በዚህ ሙቀት ውሃ ሳትጠጣ መዋልህ ራሱ ለጠጠር ያመቻል፣ የንስሐ አባትህን አማክር አለኝ። መድኃኒት ሰጠኝ። በአምስተኛው ቀን ጠጠሩ ወጣ። የምስር ፍሬ አያክልም። ያ ሁሉ ጣር ለዚህ ነው?

የሲቲውን ወረቀት ይዤ ሆቴሉ ሄድኩ። ስታነበው ፊቷ ተለወጠ። ወንበር ሳበችልኝ፣ በደልኩህ አለች። እዚያ ላይ ዝም ብል ያበቃ ነበር። ግን አፌ አላርፍ አለ።

«እትዬ፣ ለነርሷ ጠጣሁ ያልኳት ውሸቴን ነው። በጾም ነበርኩ።»

አፍጥጣ አየችኝ። «እንግዲህ ውሸታም ነህ ማለቴ ልክ ነበር?»

«በውሃው አዎ። በሕመሙ አይደለም።»

 የበደለኝ እሷ ትሁን እኔው ራሴ፣ እስካሁን ለይቼ አላውቅም። በመጨረሻ በእኔ ቦታ ወደብ የላከችውን ሰው ጠርታ ከነገ ጀምሮ ወጥ ቤት ግባ አለችው፤ እኔን ደግሞ ጠዋት ወደብ ጀልባ አለ አለችኝ፣ ውሃ ይዘህ ሂድ።

መጋቢት አሥራ ስምንት ቀን ነበር፤ ሁዳዴ ገና አልወጣም።