ዘጠኝ ጉርሻ ቦራ

አሰለፈች ደምሴ ከዱባይ ወደ ደብረ ታቦር ይዛ የተመለሰችው ሁለት ሻንጣ፣ አንድ እሳት የሚተፋ የጋዝ ቧንቧና አንድ እምነት ነው። ሻንጣዎቹን ዘመድ በሁለት ቀን አራገፋቸው። ቧንቧው የሰው ቅንድብ ከመለብለብ በቀር ምን እንደሚበጅ ለማንም አልገባም። የከፋው እምነቱ ነበር፦ በሬ እስከ ዛሬ በዚህ አገር ታረደ እንጂ አልተበላም የሚል ነው።

አራት ዓመት በአንድ የጃፓን ምግብ ቤት ሠርታለች። «ሠራሁ» ስትል ሰሚው ወጥ ቤት አዛዥ ትመስለዋለች፤ እሷም አታርመውም። ሳህን አጣቢ ነበረች። ከማጠቢያው ማዶ ባንኮኒው ይታያታል፤ ስምንት ወንበር፣ ስምንት ከበርቴ፣ ፊት ለፊታቸው አንድ ጃፓናዊ። ሰውየው ዋግዩ ከሚሉት፣ ጮማው እንደ ውርጭ ሥጋው ውስጥ ከተበተነ በሬ፣ ከየብልቱ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ይቆርጣል፤ በነበልባል ይለበልባታል፤ በእጁ ያቀርባታል። በላተኛው እንፋሎቷ ሳይጠፋ መዋጥ አለበት። ዘጠኝ ጊዜ እንዲህ ይደረግና ከበርቴዎቹ አንድ አፍ የማይሞላ ሥጋ በልተው፣ አጎንብሰው አመስግነው ይወጣሉ። ሀብታም በገዛ ፈቃዱ የሚራብበት ሌላ ቦታ አይገኝም።

አሰለፈች ከዚያ ሥጋ የቀመሰችው አንዴ ብቻ ነው። አንዲት ሴትዮ ስልክ ስታወራ የረሳቻት ቁራጭ ከሳህኑ ጋር መጣችላት፤ ግራ ቀኝ አይታ አፏ ውስጥ ጣለቻት። በርዳ፣ ጮማዋ ረግቶ ነበር። «ቀዝቅዞም ይጣፍጣል» አለች ለራሷ። በትራፊ ሃይማኖት የለወጠ ሰው ካለ እሷ ናት።

በመናኸሪያው አጠገብ ባለ ሦስት ፎቅ ሆቴል ያላቸው አቶ ወርቁ ምድር ቤቱ ላይ አንድ ባዶ ክፍል ነበራቸው። ሄዳ አስረዳቻቸው። አቶ ወርቁ «ዱባይ» የሚል ቃል ሲሰሙ ጆሯቸው የሚቆም ሰው ናቸው።

«አንድ ጊዜ አብልተሽ አሳዪኝ፣ እቱ። እኔ፣ ባለቤቴ፣ አምስት የማከብራቸው ሰዎች። ከወደዱት ክፍሉ ያንቺ ነው። ካልወደዱት ለፀጉር ቤት እሰጠዋለሁ።»

«በሬውስ?»

«በሬውማ ካንቺ። የሚተርፈው ሥጋ ለሆቴሉ ይገባል፤ የመፈተኛ ነው።»

ብዝበዛ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ስንት ወረቀት ተበትኗል። አቶ ወርቁ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት፤ አሰለፈችም አመሰገነች።

«ስምንተኛውስ ወንበር?»

«የምትወጂውን አስቀምጪበት።»

የምትወደው አባቷን ነው። ወዮላቸው።

አያ ደምሴ ከጉና ሥር ገብስ የሚዘሩ የሁለት በሬ ጌታ ናቸው፤ ቦራና ዳልቻ። በዚያ አገር ባለ ሁለት በሬ የራሱ ሰው ነው። ባለ አንድ በሬ ግን ከብጤው ጋር መቀናጆ ይገባል፤ አንድ በሬ ከአንድ በሬ ይጠመድና ተራ እየጠበቀ፣ የሰው ፊት እያየ ያርሳል። አጥር የሚጋራቸው ይሻው ባለ አንድ ነው። በዕድሜ እኩያቸው ቢሆንም «አያ» ብሎ የጠራው የለም፤ አያነትም በበሬ ቁጥር ነው። አያ ደምሴ ይሻው በሰማ ቁጥር «ባለ አንድ በሬ ከባለ ዶሮ በምን ይሻላል?» እያሉ ሠላሳ ዓመት ኖሩ። ቂም እንደ ጠላ አይቆመጥጥም፤ ሲቆይ እንደ ጠጅ ይበስላል።

አሰለፈች ቦራን ለመነች። «ክፍሉን ባገኘሁ በወሩ ሁለት በሬ እገዛልዎታለሁ፣ አባባ።»

አያ ደምሴ ሦስት ቀን ቦራን እየዞሩ አዩት። በአራተኛው «ውሰጂው» አሉ።

ከጥር እስከ ፋሲካ ቦራ ከቀንበር ተፈትቶ አተላ ሲጠጣ ከረመ። አሰለፈች ጀርባውን በዘይት ታሸዋለች፤ ጃፓኖች እንዲህ ያደርጋሉ ሲባል ሰምታለች። መንደሩ እያየ ያማትባል።

«ደምሴ» አለ ይሻው በአጥሩ ላይ። «ልጅህ በሬ ታሻለች አሉ። ላንተ ወገብስ ተራ ይደርሰዋል፣ ወይስ መታረድ ያስፈልጋል?»

«ሥልጣኔ ነው፤ አንተ አይገባህም» አሉ አያ ደምሴ። ለሳቸውም አልገባቸውም።

ቀኑን በብልሃት መረጠች። በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ማንም በጾም ሊያመካኝ አይችልም። ሁሉን አስባ የሚበሉትን ሰዎች ብቻ ረሳች።

ቦራ ቅዳሜ ታረደ፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስምንቱ በአቶ ወርቁ ባዶ ክፍል በተዘረጋው ባንኮኒ ዙሪያ ተደረደሩ። አሰለፈች ጥቁር ሽርጥ ታጥቃ የቦራን ምላስ ስስ አድርጋ ቆረጠች፣ ለበለበች፣ በየሰው ፊት አንዳንድ ቁራጭ አኖረች። «በትኩሱ፣ አሁኑኑ» ብላ እንደ ጃፓኑ አጎነበሰች።

የሚነካ ጠፋ። ታላቅ ሳይጀምር አይበላምና ሰው ሁሉ አያ ደምሴን ያያል። አያ ደምሴ የራሳቸውን ቁራጭ አዩ፤ ቀጥሎ የተቀመጠውን ሰውዬ ቁራጭ አዩ። እኩል ናቸው። ሻኛው መጣ፤ እሱም እኩል ነው። ፊታቸው በራ። ሦስት ወር ያልገባቸው ነገር አሁን ገባቸው፤ ልጃቸው በሬያቸውን እየመደበች ነው። ከየብልቱ ለየሰው እኩል፣ ይህ ቅርጫ ነው። ቅርጫን ደግሞ መደቡ ላይ ቆሞ የሚበላ ጨዋ የለም። ሁሉም ይመደባል፣ እጣ ይወጣል፣ ድርሻው ወደ ቤት ይገባል።

«እጃችሁን ሰብስቡ፣ ጎበዝ» አሉ። «ብልቱ ሁሉ ሳይሟላ አይነካም።»

«እውነታቸውን ነው» አሉ የአቶ ወርቁ ባለቤት ወይዘሮ ሙሉ፤ ጥሬም ብስልም ያልሆነውን ነገር የማይበሉበት ሰበብ ሲፈልጉ ነበርና።

«አባባ፣ ይህ ቅርጫ አይደለም። ይቅመሱት፣ ይበርዳል።»

«መድቢ ልጄ፣ ዝም ብለሽ መድቢ። እኔ እያለሁ አድልዎ አይኖርም።»

አባት በሰው ፊት አይታረምም። አሰለፈች ከዱባይ ብዙ ነገር ተምራ መጥታለች፤ ይህን ግን የሚያስረሳ አልተማረችም። ፍሪምባውን ቆረጠች። ጎድኑን፣ ዳቢቱን፣ ሽንጡን። በየሳህኑ የተቆለለው ጮማ እንደ ሻማ ይነጣል።

«የእኔ ዳቢት ከሳቸው ይቀጥናል» አለ አንዱ የተከበረ ሰው።

«ጨምሪለት» አሉ አያ ደምሴ። ጨመረች።

ታላቁንና ታናሹን ሥጋ፣ በዘጠነኛው ጭቅናውን አኖረች። አያ ደምሴ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ሰዎቹ ምልክት ጣሉበት። ቁልፍ፣ እስክሪብቶ፣ ቀለበት፣ የወይዘሮ ሙሉ የፀጉር መርፌ። አንዱ ፊቱን አዙሮ እያወጣ በየሳህኑ ላይ አስቀመጠ። ለየሰው ፌስታል መጣ። ከስምንቱ አንድም ሰው አልቀመሰም።

አቶ ወርቁ ፌስታላቸውን በጣታቸው አንጠልጥለው መዘኑት። «ብዙ ቅርጫ ገብቻለሁ፣ እቱ። እንዲህ እኩል የሚመድብ እጅ አላየሁም። ብቻ ለውሻም አይበቃም።»

«ክፍሉስ፣ ጋሼ?»

«ክፍሉ ለፀጉር ቤት ነው። አንቺ ግን በዓል በመጣ ቁጥር በጓሮ የቅርጫ መዳቢ ነሽ።»

«አመስግኚ እንጂ» አሉ አያ ደምሴ፤ የኮሩ ሰው ናቸው። አመሰገነች።

መኪናው ከጣላቸው በኋላ አባትና ልጅ ወደ መንደራቸው በእግር ሲወጡ የግንቦት ዝናብ መሬቱን አርጥቦታል፤ ከነገ ጀምሮ ሁሉም በሬውን ይጠምዳል። አያ ደምሴ ይህን ሲያዩ ኩራታቸው በየእርምጃው እየረገፈ መጣ። ይሻው አጥሩ ላይ ነበር።

«ቦራን የት አደረሳችሁት?»

አያ ደምሴ ፌስታሉን አነሱ። ይሻው ተቀብሎ ፈታና መዳፉ ላይ ገለበጠው፤ መዳፉ አልሞላም። ዘጠኙን ባንድ ላይ አፉ ከተተና ቀስ ብሎ አላመጠ።

«ቀዝቅዞም ይጣፍጣል» አለ።

አሰለፈች መሬት መሬት አየች።

«ዳልቻ ብቻውን ቀረ» አሉ አያ ደምሴ።

ልመናውን የጨረሰችው አሰለፈች ናት። «አያ ይሻው፣ ከእርስዎ በሬ ጋር መቀናጆ ያስገቡን።»

«ከባለ ዶሮ ጋር?» ይሻው ጣቱን ላሰ። «ይሁና። ሁለት ቀን ለእኔ፣ አንድ ቀን ለእናንተ። ዘር መጀመሪያ የሚገባው ከእኔ ማሳ ነው። በሬዬንም እሷ ትቀልብ፤ ማሸት ታውቅ የለ?»

አያ ደምሴ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ የሚጣልበት ምልክት ግን አልነበረም። «ይሁን» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ዳልቻ ወደ ይሻው በረት ተነዳ። አሰለፈች አተላ በባልዲ ተሸክማ ከኋላው ሄደች።